ሸካራው ገጽ

የሥዕል መምህርቷ የእናቷን ፊት በሦስት ወር ጨረሰች፤ ከእናቷ ኋላ ያለውን ነገር ግን ዓመት ቢሰጧትም የምትጨርስ አልመሰላትም። ፊቱ መጥቷል። ዓይኖቹ፣ ሳቅ ሊያመልጠው የደረሰው ከንፈር፣ ንፋስ የነካካው ጸጉር፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ከኋላ መሆን የነበረበት ሐይቅ ነው፤ አባቷና እናቷ በወጣትነታቸው እሁድ እሁድ ይሄዱበት የነበረው ሐይቅ። እሷ ሰማያዊ ቀለም በቀባች ቁጥር ግን ሐይቁ የተወለወለ ወለል እየሆነ አስቸገራት። ካረፈች ስድስት ዓመት የሆናት እናቷም ለመታወቂያ ፎቶ የቆመች ትመስላለች።

ጊዜ ቢኖራት ኖሮ ባልቸኮለች። አባቷ አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት በአራሚነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰው ስህተት ሲለቅሙ ዓይናቸውን ጨረሱት። ሐኪሙ የቀራቸው ብርሃን ከዳር ወደ መሀል እየተጠቀለለ እንደሚሄድ፣ ምናልባትም ዓመቱ ሳይዞር እንደሚያልቅ ለእሷ ለብቻዋ ነግሯታል። እሳቸው ግን ሳይነገራቸው አውቀዋል። እንዲያም ሆኖ ማጉያ መስታወታቸውንና ቀይ እስክሪብቷቸውን አልጣሉም። እጃቸው የገባውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ሳይቀር፣ ያርማሉ። ልጅየዋ ሥዕሉን ከጓሮ ባለችው ክፍሏ ደብቃ በአንሶላ የሸፈነችው ሲያልቅ ልታሳያቸው ነበር፤ ማየት ሳይሳናቸው።

በዚህ መሀል ዝናብ ጣሪያውን ቀዶ ገባ። የዚያችው ክፍል ግድግዳ እስከ ወገቡ ረጠበ፣ ልስኑም እየተላጠ ይወድቅ ጀመር። ቤቱን የሚያስተዳድሩት የአባቷ እህት "ሰው ካልጠራን ግድግዳው ራሱ ተነስቶ ይሄዳል" አሉና ለሳኝ አስጠሩ።

ለሳኙ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከጉሮሮው የማይወጣ ሰው ነበር። የሥራ ጓደኞቹ "ዝሜ" ይሉታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ቢናገር እንደ በዓል ይቆጥሩለታል። ሦስት ቀን አሮጌውን ልስን ሲያነሳ እሷን ከሰላምታ በቀር ምንም አላላትም። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ አንሶላውን ገልጣ በቆመችበት፣ ከኋላዋ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው።

"ይቅርታ መምህርት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ይጠይቁ።"

"ውኃውን ለምን ለሰኑት?"

ዞር ብላ አየችው። ሊያሾፍ አልነበረም፤ እንደ ባለሙያ ነው የጠየቀው። ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

"እኛ" አለ፣ ፊቱ እየቀላ፣ "መጀመሪያ የሚገባውን ልስን ሆን ብለን እናሻክረዋለን። ልሙጥ ነገር ላይ ምንም አይዝም። ቀጥሎ የሚመጣው የሚጨብጠው ይፈልጋል።"

"በምን ያሻክሩታል?"

"በተገኘው። በሚስማርም፣ በማበጠሪያም።"

ማበጠሪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

እንዲህ ተጀመረ። ጀሶውን በነጭ ኮላ ለወሰላትና እናቷን ሳይነካ፣ ዙሪያዋን ብቻ፣ ሥዕሉ በተሣለበት ጣውላ ላይ በስሱ ቀባው። ሳይደርቅ ማበጠሪያውን ይዛ ጎተተችው፤ ጥርሶቹ ያለፉበት ሁሉ ሞገድ ሆነ። ሐይቁ ገና ቀለም ሳይነካው ተንቀሳቅሷል።

ሥዕሉን ወደ ሌላ ነገር የለወጡት ግን፣ ሳያውቁት፣ አባቷ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት አዲሱን ግድግዳ ልይ ብለው ወደ ክፍሏ መጡ፤ እሷ ተሯሩጣ አንሶላውን ጣል አደረገችበት። አዛውንቱ ሁለት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱና አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ።

"እዚህ ጋ እጅህ ተጠራጥሯል፣ ልጄ።"

"አዎ አባቴ" አለ ለሳኙ በመገረም። "እዚያ ጋ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሐሳቤ ወደ ጣሪያው ሄደ።"

እሳቸው ፈገግ ብለው ወጡ። እሱ እስኪወጡ ድረስ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባትዎ በእጃቸው ያነባሉ። ታዲያ ሥዕሉን ለዓይናቸው ብቻ የሚሠሩት ለምንድን ነው?"

በወራት ጭንቀቷ ሁሉ ይህን አንድ ነገር አላሰበችም ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ከሰዓቶች እንደ ሕልም ናቸው። ስታስታውሳቸው ቀናቱን መለየት ያቅታታል፤ በመስኮቱ የሚገባው ወርቃማ ብርሃን፣ በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈው የጀሶ ብናኝና የሁለት ሰው ትንፋሽ ብቻ ትዝ ይሏታል። እሱ የቀኑን ሥራ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ይመጣል። የእንቁላል ቅርፊት በጣታቸው አድቅቀው ኮላው ላይ በመጫን የሐይቁን ዳር ጠጠር አለበሱት። ከአናጢ ጎረቤት የመጣ ሰጋቱራ የደረቀ ሣር ሆነ። የተፈላ ሻይ ቅጠል አድርቀው ረግረጉ ላይ በተኑት። ቀጭን ቀለም ቀብታ ገና እርጥብ እያለ ፌስታል ጨማድደው አለበሱትና፣ በማግስቱ ሲልጡት ሩቅ ያለው ተራራ ከነስንጥቁ ወጣ። ሰማዩ ላይ ጨው ነሰነሱ፤ እያንዳንዷ ፍሬ በዙሪያዋ ያለውን ውኃ ጠጥታ ትንሽ ኮከብ የመሰለች ነጭ ነጠብጣብ ተወች።

"ዛሬም ጨው?" ይላሉ አክስቷ ከማድ ቤት። "እኔ የምለው፣ የምትሠሩት ሥዕል ነው ሾርባ?" ደግሞ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ወደ ጆሮዋ ይጠጋሉ። "ደሞ ለሳኝ 'እርስዎ' ይባላል እንዴ? ሰውየውን ታሳብጂዋለሽ።"

የሚያብደው እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ ከጨው ሳህኑ ውስጥ ጣቶቻቸው ተገናኙ። ሁለቱም ወዲያው አልሳቡም። ሲለያዩ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ "ይቅርታ" አሉና፣ ይቅርታው ከመነካካቱ ይልቅ አሳፈራቸው። ሌላ ቀን፣ ከሐይቁ ዳር ጀሶው ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ቀርቶ አየና ሊያለሰልሰው እጁን ሰነዘረ።

"ይተዉት" አለችው። "አይደምስሱት። ብርሃን የሚይዘው ሸካራው ነው።"

እጁን መለሰ። ቀና ብሎም አያት፤ ሰው ስሙን ከሩቅ ሲጠራ የሰማ ይመስል።

በዚያ ሳምንት ተማሪዎቿን፣ ከመሣላችሁ በፊት ስለ አንድ ግድግዳ አንድ ገጽ ጻፉ አለቻቸው። ልቧ ያለበትን ቦታ ተማሪዎቿ ባያውቁትም ወረቀታቸው አወቀው። ወረቀቶቹንም ሰብስባ ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች።

ሥራው ሐሙስ ያልቃል ተብሎ ነበር። ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤቱን ደወሉ ሳይጨርስ ለቃ እየበረረች መጣች። ክፍሉ ተጠርጓል። መሣሪያዎቹ የሉም። ግድግዳው ነጭ፣ ልሙጥ፣ ዝም ያለ ነው።

"ሄደ" አሉ አክስቷ። "ጠዋት መጥቶ ሳሎን ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የቀረችውን ቦታ በጥድፊያ ለቅልቆ፣ 'ለሁሉም ሰላም በሉልኝ' አለና ሄደ።"

"ለእኔ ያለው ነገር የለም?"

"ለሁሉም ነው ያለው። አንቺም ከሁሉም ውስጥ አለሽበት።" ከዚያ ፊቷን አይተው ድምፃቸውን አለሰለሱ። "የኔ ልጅ፣ የሠራተኛ ነገር እንዲህ ነው። ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።"

የሰማዩ አንድ ጥግ ገና አልተሠራም ነበር። ጨው ይዛ ፊቱ ቆመች። እጇ እምቢ አላት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ትዕቢቷ "አትፈልጊው" አላት፤ ሆዷ ደግሞ በየበሩ ድምፅ ይደነግጣል። ከዚያ አባቷ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻይ እየጠጡ፣ ከመሬት ተነስተው ጠየቋት።

"ያ ተማሪሽ ነጥቡን ሲያይ ምን አለ?"

"የትኛው ተማሪ አባባ?"

"ስለ ግድግዳ የጻፈው ነዋ።"

"ሁሉም ስለ ግድግዳ ነው የጻፉት።"

"አይ፣ የአንደኛው የተለየ ነው። ረቡዕ ማታ አክስትሽ ወረቀቶቹን ከክፍልሽ አምጥታልኝ በማጉያው ሳይ ነበር። ሆሄው ጉድ ነው፤ ሥራን በእሳቱ ሰ፣ ሐሙስን በሀሌታው ሀ። ሰባት ከአሥር ሰጥቼ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት። አድሬ ሳስበው ግን ጸጸተኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚጽፍ ልጅ በሆሄ አይቀጣም።"

ሲኒው እጇ ላይ ቆመ። "ምን ብሎ ጻፈ?"

አዛውንቱ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ያነበበ ጭንቅላት በቀላሉ አይረሳም። ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን ነጥብ እያከበሩ፣ ይደግሙት ጀመር።

"'ጥሩ ልስን ማለት የለሳኙ እጅ የማይታይበት ነው ብለው አስተማሩኝ። እኔም አሥራ አምስት ዓመት እጄን ስደብቅ ኖርኩ። እርስዎ ግን አዩት። አይደምስሱት አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ስቆም ሸካራ መሆኔን አላፍርበትም። ሥራው ሐሙስ ያልቃል። ግድግዳው ደርቋል፤ እኔ ግን...'"

አባቷ ድንገት አቆሙ። ዓይናቸውን ገለጡ። ልጃቸውን በደንብ አያዩዋትም፤ ትንፋሿን ግን ሰምተዋል።

"ይጨርሱት አባባ" አለች። ጉንጯ ላይ የሚወርደውን አልጠረገችውም።

አዛውንቱ አሁን የሚያነቡት የማን ወረቀት እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ያም ሆኖ አንድ ቃል አልዘለሉም።

"'ግድግዳው ደርቋል፤ እኔ ግን አልደረቅኩም። ከሐሙስ በኋላ ያለ መሣሪያ፣ ያለ ሥራ፣ እንዲሁ ሰው ሆኜ ብመጣ በሩን ይከፍቱልኛል? አይሆንም ካሉ ምንም አይበሉኝ። ዝምታ እኔም እችላለሁ።'"

ወረቀቱን ወጥታ መፈለግ አላስፈለጋትም። አክስቷ ማድ ቤት በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። "ያን ዕለት ጠዋት ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አንስቶ ኪሱ ከቷል" አሉ ቀስ ብለው። "የራሱ ደረሰኝ መስሎኝ ነበር።"

"ቀይ እስክሪብቶ" አለች ልጅየዋ። "ከተማሪዎቼ ወረቀት መሀል ትቶልኝ ነበር፤ እኔም በቀይ ነው የማርመው። እኔ ያረምኩት መስሎታል።"

"ለፍቅር ደብዳቤ ነጥብ ሰጠሁ" አሉ አባቷ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። "ፍቅር የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልነበረበትማ። እንዴት ብዬ ልወቅ?"

እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ወደ ክፍሏ ወስዳ አንሶላውን ገለጠችና ጣታቸውን ጣውላው ላይ አኖረችላቸው። ምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም መጀመሪያ ጠጠሩን አገኙ፤ ከዚያ ሣሩን። የማበጠሪያው መስመሮች ላይ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ውኃ እንደነካ ሰው ተከፈቱ።

"ሐይቁ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ንፋስ አለ ዛሬ።" በሞገዱ ላይ ወደ መሀል ሄደው ልሙጥ የሆነው ቦታ፣ ሚስታቸው የቆመችበት ጠርዝ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን አስጠግተው በቀረችው ብርሃን ፈለጓት። ያገኟት እንደሆነ አልተናገሩም። መዳፋቸው ወደ ዳርቻው ሲመለስ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ላይ ቆየ።

"ይሄ አሻራ ያንቺ አይደለም። ትልቅ ነው።"

"አይደለም አባባ።"

"ጫማዬን አምጪልኝ።"

አክስቷ በሩ ላይ መንገድ ዘግተው ቆሙ። "ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ። ልቤ አዝኖላታል፤ ግን ለሳኝ ፍለጋ ሽማግሌ በጭቃ ይወጣል? ሰው ምን ይላል?"

"አራሚ ሲሳሳት በማግስቱ ማረሚያ ያወጣል። እኔ ሁለት ሳምንት አሳልፌያለሁ። ሰው የሚለውን ደግሞ ያኔ ጨርሷል፤ ሚስቴን፣ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዋን፣ ላገባ ነው ስል አባታችን ምን እንዳሉኝ አንቺም በር ላይ ቆመሽ ሰምተሻል።"

አክስቷ ለማለት ያሰቡትን ዋጡት። ወደ ጓዳ ሲገቡ ተቆጥተው የሚቀሩ መስሎ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ከዘራውንና ጥላውን ይዘው ነው። "ከድልድዩ ማዶ በሚሠራው ክሊኒክ ነው ያለው" አሉ ወደ ወለሉ እያዩ። "እሱን ያመጣልኝ ሰው ነግሮኛል።"

ክሊኒኩ ገና በርና መስኮት አልገባለትም። በባዶ መስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ብናኙን እንደ ጉም አንጠልጥሎታል፤ ወደ ውስጥ ስትገባ እግሯ መሬት የረገጠ አልመሰላትም። ከእንጨት መረማመጃው ላይ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱ "ዝሜ፣ ሰው መጣብህ" አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ይለስን የነበረው ሰው ዞረ። አያት። እጁ ላይ የነበረው ልስን ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ሲወርድ አላስተዋለውም።

መጀመሪያ የተናገሩት አባቷ ናቸው።

"ልጄ፣ ሰባት የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ልጄ ወረቀትህን በዓይኗ አላየችውም። የተማሪ መስሎኝ ነው። ቢሆንም ስህተት ስህተት ነውና ለማረም በእግሬ መጣሁ።"

ለሳኙ ከመረማመጃው ወርዶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ከሠራተኞቹ አንዱ ባልዲ ገልብጦ አዛውንቱን አስቀመጣቸው። እሳቸውም ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ምን እንደሚል ይጠይቁት ጀመር፤ ሁለቱን ወጣቶች ሆን ብለው ረሷቸው።

ወደ መስኮቱ ሄዱ። በመካከላቸው አንድ ክንድ የሚያህል ርቀት ነበር።

"አላነበቡትም" አለ፤ ለራሱ የሚነግር ይመስላል።

"አላነበብኩትም። ዛሬ ከአባቴ አፍ ሰማሁት።"

"እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ያን ቀይ መስመር ሳይ እንደገና እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። የተሰመረበት ሆሄው አልመሰለኝም። ልቤ መሰለኝ።"

"እኔ ደግሞ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ ብዬ ሁለት ሳምንት በኩራቴ ታመምኩ። መጥቼ ብጠይቅዎት አንድ ቀን ይበቃው ነበር።"

"መምህርት፣ እኔ ወደፊትም እሳሳታለሁ።" ይህን ሲል ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑን አላሸሸም። "ሆሄ ብቻ አይደለም። ከጓደኞችዎ መሀል ብቀመጥ የምናገረው አላገኝም። ያፍሩብኛል ብዬ እፈራለሁ።"

"አፍሬብህ አውቃለሁ?"

'አፍሬብህ' ስትል ሁለቱም ሰሙት። 'እርስዎ' ከመካከላቸው ወጥቶ ሄዷል፤ የቀረው አንድ ክንድ ቦታ ብቻ ነበር። እሱ ያችን ትንሽ ቃል ውስጡ ሲያዳምጣት ቆየ።

"አታውቂም" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ እንግዳ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ይጠነቀቃል። "አንቺ... አታውቂም።"

"ታዲያ የጻፍከውን በአፍህ ጠይቀኝ። ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ።"

ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቱ ነካው፤ አላወጣውም። ጸጉሩ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ነጭ ብናኝ ነበር፤ ድንገት ያረጀ መሰላት፣ ሲያረጅም ልታየው እንደምትፈልግ ያን ጊዜ አወቀች።

"እንዲሁ ብመጣ" አለ፣ "ምንም ሳልይዝ። በሩን ትከፍችልኛለሽ?"

"ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት።"

በጀሶ የተሸፈነ እጁን ልብሱ ላይ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፣ ስለማይጸዳ ተወውና እንዲሁ ዘረጋላት። ያዘችው። ሸካራ ነበር፣ ትኩስ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያበራ ነበር። አባቷ ከዘራቸውን ለእሷ ሰጥተው የለሳኙን ክንድ ያዙ። እሱ ጎን ለጎን ሲሄድ እርምጃውን በእሳቸው ልክ አሳጠረ፤ ኩሬ ሲመጣ ዝቅ ብሎ ይነግራቸዋል፣ እሳቸውም ዝቅ ብለው አንድ ነገር ይጠይቁታል። ዝሜ የተባለው ሰው ሲያወራ ሲስቅም ከኋላ ሆና ሰማችው። የሚሉት አይሰማትም። ፈጠን ብትል ትደርስባቸው ነበር። አልፈጠነችም። ሁለቱ ጀርባዎች በብርሃኑ ውስጥ ወደ ቤት ሲሄዱ እያየች፣ የምትቸኩልበት አንዳች ነገር በዓለም ላይ እንዳልቀረ ሆኖ ተሰማት።